ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰዓታት

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሽሬ የሚያመራ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሶ ዛሪማ ሲደርስ በአንድ ጠዋት የሁለት አገር አየር ቀምሷል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ጋቢ ላይ ካፖርት ቢደረብም ብርዷ አይረታም። ዛሪማ ግን ቆላ ናት፤ እዚያ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፣ ሰው ትኩሳት ሲይዘውም በቅድሚያ የሚነሣው የወባ ስም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ በወጣው በዚህ መንገድ፣ የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የሚነሡ የቀን ሠራተኞች ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርዱ ኖረዋል።

እስቲ ከእነዚህ መካከል አንድ ወጣት በሐሳባችን ፈጥረን እንከተለው። ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ደጋ ላይ ከአምስትና ከስድስት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ሰሌን ላይ ተጠጋግቶ አድሯል። የለበሰውን ልብስ አልቀየረም፤ ለመቀየሪያ የሚሆን ሌላ ልብስም አልነበረውም። ዛሪማ በደረሰ ማግስት በድንገት ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ባትና ጉልበቱ ይቆረጣጠማል፣ ትኩሳቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ያየው ሁሉ «የቆላው ወባ ተቀበለው» ይላል። ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ከጣቱ ጠብታ ደም ይቀዳል። ምርመራው ፈጣን በሆነው የወባ መመርመሪያ ብቻ ከተደረገ ውጤቱ «ወባ የለም» ይሆንና ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ያ መሣሪያ የሚያውቀው የወባን ፕሮቲን ብቻ ነውና። ደሙ በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በጂምሳ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ከታየ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። በቀይ የደም ሕዋሳቱ መካከል እንደ ጠጉር የቀጠኑ፣ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዙ ክሮች ተጋድመዋል። በሽታው ግርሻ ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም አንድ የቴትራሳይክሊን ክኒን ባክቴሪያውን ከደም ለማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ በመሰለን ነበር። ነገር ግን መርፌው በተወጋ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ወጣቱ ከቀድሞው የባሰ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱ ይጋጫል፣ ይቃዣል፣ ትኩሳቱ ከነበረበት አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ቆይቶ ብርዱ ይለቀውና በተራው ላብ ያጠምቀዋል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ልቡ ይደክማል። አንዳንዱ በሽተኛ በዚህ ሰዓት ይሞታል። አጠገቡ የቆመ ዘመድ «መርፌው ገደለው» ቢል ልንስቅበት አይገባም። ያየውን በትክክል ነው የተናገረው፤ መርፌው ባይወጋ ኖሮ በዚያች ሰዓት ያ መንቀጥቀጥ ባልመጣ ነበር። የጎደለው የምክንያቱ ማብራሪያ ነው። ያ ማብራሪያ ደግሞ በአብዛኛው የተገኘው ከሌላ አገር ሳይሆን ከአዲስ አበባ በሽተኞች ደም ነው።

መርዙ የት አለ?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የግርሻን ባክቴሪያ በሰው ደም ውስጥ መጀመሪያ ያየው የበርሊኑ ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር ሲሆን ዘመኑም 1868 ነበር። ዛሬ ቦሬልያ ሪከረንቲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገረው በልብስ ቅማል ነው። ከሕክምና በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥም የራሱ ስም አለው፤ ጃሪሽ ሄርክስሃይመር ይባላል። አዶልፍ ጃሪሽ በ1895፣ ካርል ሄርክስሃይመር ደግሞ በ1902 የቂጥኝ ሕሙማን በሜርኩሪ ሲታከሙ ቁስላቸው በሰዓታት ውስጥ ሲቆጣ አይተው ጽፈዋል። የቂጥኝም የግርሻም ባክቴሪያ ጥምዝ ከሆኑት የስፓይሮኪት ወገን ናቸውና የሁለቱ መመሳሰል በአጋጣሚ አይደለም።

በወቅቱ የነበረው ግምት «ባክቴሪያው ሲሞት መርዙ ይፈሳል» የሚል ነበር። ግምቱ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን መርዝ የሚለውን ቃል ረጋ ብለን ብንመረምረው ይበጃል፤ በባክቴሪያ ዓለም ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በዚህ አንድ ስም ይጠራሉና።

የመጀመሪያው ባክቴሪያው ራሱ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚረጨው መርዝ ነው። ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው አባ ሰንጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ከሚረጫቸው ፕሮቲኖች አንዱ ወደ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ፣ ሕዋሱ «ጠላት ገብቷል» የሚለውን መልእክት የሚያስተላልፍባቸውን ፕሮቲኖች እንደ መቀስ ይቆራርጣል። ይህ አሠራር የታወቀው በ1998 ነው። እንዲህ ያለው መርዝ የዘበኛውን አንደበት ይዘጋል። ሁለተኛው ዓይነት የሚረጭ አይደለም፤ የባክቴሪያው ገላ አካል ነው። የኮኽ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ፋይፈር በ1892 የኮሌራን ባክቴሪያ ሲመረምር የሞተው ባክቴሪያም እንስሳትን እንደሚገድል አይቶ ይህን ኢንዶቶክሲን፣ ማለትም የውስጥ መርዝ፣ ብሎ ሰየመው። ኢንዶቶክሲን በራሱ ምንም አይቆርጥም፣ ምንም አይበጥስም። የሚያደርገው ዘበኛውን ማስጮህ ብቻ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከጩኸቱ ነው።

የግርሻው መርዝ ከሁለተኛው ጎራ ይመደባል፤ ሆኖም ኢንዶቶክሲን አይደለም፤ ቦሬልያ ያንን የታወቀውን የኢንዶቶክሲን ሞለኪውል ጨርሶ አትሠራም። በእርሱ ፋንታ ገላዋን የምትሸፍነው ጫፋቸው ላይ የስብ ጅራት በተቀጠለባቸው ፕሮቲኖች ነው፤ ሊፖፕሮቲን ይባላሉ። የስብ ጅራቱ ፕሮቲኑን ከባክቴሪያው ሽፋን ጋር የሚያያይዝ ሥር ነው። የእኛ ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ይህን ጅራት ለይቶ የሚይዝ ተቀባይ በገላቸው ላይ አላቸው። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ጅራት አይሠራምና፣ ጅራቱ የተገኘበት ቦታ ሁሉ ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። ተፈጥሮ የመረጠችው ምልክት ብልሃት የተሞላበት ነው፤ ባክቴሪያው ሊጥለው የማይችለውን ዕቃ ነው የመረጠችው።

ጩኸቱ ሲሰማ

እግሩን እሾህ የወጋው እረኛ የሚያየውን እናስብ። የተወጋው ቦታ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህ ብግነት ነው። በሥፍራው ያሉት ማክሮፌጅ የተባሉ ዋጭ ሕዋሳት ከእሾሁ ጋር የገባውን ባክቴሪያ በተቀባያቸው ሲነኩ በሕዋሱ ውስጥ የታሰረ ማብሪያ ይፈታና ወደ ዘረ መሉ ይሄዳል፤ ሕዋሱም በአጭር ጊዜ ውስጥ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራል። ከእነዚህ ዋነኛው ቱመር ኔክሮሲስ ፋክተር፣ በአጭሩ ቲ ኤን ኤፍ፣ ይባላል፤ ስሙ የወጣለት በ1975 የአይጥ ዕጢ ሲያከስም ስለታየ ነው። ኢንተርሊዩኪን 6 እና ኢንተርሊዩኪን 8 ተከትለውት ይመጣሉ። ቲ ኤን ኤፍ በአካባቢው ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ግድግዳቸውን ያላላል፣ ውስጣቸውን ደግሞ የሚያጣብቅ ያደርገዋል፤ በዚህም በደም የሚያልፉት ነጭ ሕዋሳት ከግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ኢንተርሊዩኪን 8 ከሩቅ ይጠራቸዋል። እግሩ ያበጠው ለዚህ ነው፤ እብጠቱም ባይኖር ኖሮ ባክቴሪያው በዚያ ባልተገታ ነበር።

ለአንዲት ጣት መድኃኒት የሆነው ይህ ሥርዓት በመላው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢነሣ ምን ይሆናል? የደም ሥር ሁሉ ይሰፋል፣ ሁሉም ያንጠባጥባል፤ የደም ግፊት የሚወድቀው ለዚህ ነው። ነጭ ሕዋሳት ሁሉ በየግድግዳው ይለጠፋሉ፤ ስለዚህ ከክንድ በተቀዳ ደም ውስጥ ሲቆጠሩ የጠፉ ይመስላሉ። መልእክቱ አንጎል ሲደርስ የሙቀት መቆጣጠሪያው ከፍ ብሎ ይሞላል፤ ሰውነቱም የጎደለውን ሙቀት ለመሙላት ጡንቻውን ያንቀጠቅጣል። በግርሻ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ ሲበረታ በአንዲት ጠብታ ደሙ ውስጥ ሚሊዮኖች ቦሬልያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ፔኒሲሊን ይህን ሁሉ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ሲመታው ሽፋኑ ይፈረካከሳል፣ ነጭ ሕዋሳትም ስብርባሪውን በብዛት መዋጥ ይጀምራሉ። ሊፖፕሮቲኑ በሙሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለዘበኞቹ ይታያል።

መድኃኒት ያላገኘ በሽተኛም ከዚህ አያመልጥም። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሲያተኩሰው ከቆየ በኋላ ሰውነቱ በቂ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትና ባክቴሪያውን ከደሙ ይጠርጋል፤ ያን ጊዜ የሚነሣው ማዕበል ከመርፌ በኋላ ከሚመጣው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ከዚያም ሰውየው ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሆኖም ከቦሬልያዎቹ ጥቂቶቹ የሽፋናቸውን ፕሮቲን ለውጠው ተሸሽገዋል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ አያውቃቸውም። ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ያገረሻል። አማርኛው በሽታውን ግርሻ ሲል ከሳይንሳዊው ስም ጋር ያለ ቀጠሮ ተገናኝቷል፤ ሪከረንቲስም ተመላላሽ ማለት ነው።

አዲስ አበባ የተገኘው ማስረጃ

እዚህ ድረስ የተናገርነው ግምት ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ግርሻ በአዲስ አበባ በጥንቃቄ መጠናት የጀመረው ከ1970 በፊት ባሉት ዓመታት ነው። በ1970 አንቶኒ ብራይሰን፣ ኤልድሪድ ፓሪና ባልደረቦቻቸው የ62 ኢትዮጵያውያን ሕሙማንን ጥናት አሳተሙ፤ ዴቪድ ዋረልም በዚያው ዘመን ከመርፌው በኋላ የልብና የሳንባ ሥራ እንዴት እንደሚታወክ ለካ። የመልእክተኛ ፕሮቲኖቹን መጠን በደም ውስጥ መለካት የተቻለው ግን ከሃያ ዓመታት በኋላ ነበር።

በ1992 ነጉሤና አሜሪካውያንና እንግሊዛውያን ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ላይ በ17 ሕሙማን ያደረጉትን ጥናት ይፋ አደረጉ። ሕሙማኑ ፔኒሲሊን ከተሰጣቸው በኋላ በየተወሰነው ሰዓት ደማቸው ተቀዳ። ከ17ቱ 14ቱን መንቀጥቀጡ ያዛቸው፤ ትኩሳታቸውም በሁለተኛው ሰዓት ገደማ ጣሪያ ደረሰ። በእነዚህ 14 ሰዎች ደም ውስጥ ቲ ኤን ኤፍ፣ ኢንተርሊዩኪን 6 እና ኢንተርሊዩኪን 8 ሆስፒታል ሲገቡ ከነበራቸው መጠን ብዙ እጥፍ ዘለሉ። መንቀጥቀጡ ባልያዛቸው ሦስቱ ግን ተመሳሳይ ጭማሪ አልታየም።

የዚህ ጥናት ዋጋ ከግርሻ አልፎ ይሄዳል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ይህ ነው። በባክቴሪያ ደሙ የተመረዘ ሰው በየትኛውም የዓለም ሆስፒታል ሲደርስ የብግነቱ ማዕበል ከተነሣ ቆይቷል፤ መቼ እንደ ጀመረ ሐኪሙ አያውቅም። በግርሻ ግን ሰዓቱን የሚያስጀምረው ሐኪሙ ራሱ ነው። መርፌው የተወጋበት ደቂቃ ተመዝግቧል፤ ከማዕበሉ በፊት የነበረው ደም ተቀምጧል። የሰው ሰውነት እንዲህ ያለ ብግነት ሲጀምር ከመነሻው ለማየት የሚያስችል ሌላ በሽታ ብዙ የለም።

ሆኖም አብሮ መጨመር መንሥኤ መሆንን አያሳይም። ቲ ኤን ኤፍ ማዕበሉን አስነሥቶ ወይስ ማዕበሉ አስነሥቶት ይሆን? ይህን የሚፈታው ፈተና ቲ ኤን ኤፍን አስቀድሞ ማሰር ነበር። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ በ1996 ያሳተሙት ሥራ ይህን አደረገ። ከበግ የተገኘ፣ ቲ ኤን ኤፍን የሚይዝ የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ፔኒሲሊኑ ከመሰጠቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ለ20 ሕሙማን ተሰጠ፤ ሌሎች 29 ሕሙማን ይህን የማያደርግ ማመሳከሪያ ተሰጣቸው። ከ29ኙ 26ቱን መንቀጥቀጡ ያዛቸው፤ ከ20ዎቹ ግን 10ሩን ብቻ። ዘጠና በመቶ ወደ ሃምሳ በመቶ ወረደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በበለጸጉት አገሮች ቲ ኤን ኤፍን በማሰር የደም መመረዝን ለማከም የተደረጉት ሙከራዎች ተስፋ አስቆራጭ ውጤት ሲያሳዩ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው ግን መድኃኒቱ ከማዕበሉ ቀድሞ ከደረሰ እንደሚሠራ አመለከተ።

ግማሾቹ ለምን ተንቀጠቀጡ የሚለው ጥያቄ አንባቢን ሳያስጨንቅ አይቀርም። መልእክተኛው አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲታሰር ሌሎቹ ይሮጣሉ። ብግነትን የሚያበርደው ኢንተርሊዩኪን 10 ደግሞ እዚያው በግርሻ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2000 የታተመው ውጤት ምንም ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ያልተሳካ ሙከራ መታተሙ ራሱ የሚመሰገን ነው።

የቀረው ዘበኛውን የሚያስጮኸውን ነገር ለይቶ መያዝ ነበር። ለዚህ ባክቴሪያውን ከሰው ውጭ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ቦሬልያ ሪከረንቲስ ግን ከኦበርማየር ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ በላቦራቶሪ አላድግ ብላ አስቸግራ ነበር። ሳሊ ከትለር ከኢትዮጵያ ሕሙማን ደም አሳድጋ በ1994 አስታወቀች። በ1998 ቪዳልና ባልደረቦቹ፣ ዳንኤል ፈቃደ ከመካከላቸው ሆኖ፣ ዋነኛው ቲ ኤን ኤፍ አስነሺ ያ ሽፋን የሚለዋውጠው ሊፖፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። ባክቴሪያው የሚሸሸግበትና ማዕበሉን የሚያስነሣው ልብስ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ዛሪማ ላይ ለተኛው ወጣት ምን ይፈይድለታል? ከበግ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል በጤና ጣቢያ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስቴሮይድ ትኩሳቱን በመጠኑ ያበርድ ይሆናል እንጂ መንቀጥቀጡን አያስቀርም። ነገር ግን ሐኪሙ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ይዘጋጃል። የፔኒሲሊን መጠን ዝቅ ሲል ባክቴሪያው ቀስ ብሎ ይሞታል፣ ማዕበሉም ይለዝባል፤ በአንጻሩ በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ይጨምራል። ቴትራሳይክሊን ፈጥኖ ያጠፋል፣ ብዙውን ጊዜም አጥብቆ ያንቀጠቅጣል። ምርጫው የሐኪሙ ነው። ከመርፌው በኋላ በሽተኛው ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ የደም ግፊቱ ይለካል፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ከአልጋው እንዳይነሣ ይደረጋል። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ቀላል ይመስላል። ሥሮቹ ሰፍተው ግፊቱ የወረደ ሰው ድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ የደከመው ልብም አይችለውም። ላቡ ደርቆለት «ተሽሎኛል፤ መኪናው ሳያመልጠኝ ሑመራ ልግባ» የሚለውን የቀን ሠራተኛ አስተኝቶ ማቆየት ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ሥራ ነው። ያልታከመ ግርሻ በከፉ ወረርሽኞች እስከ 40 በመቶ ገድሏል፤ በሚገባ ከታከመ ሟቾቹ ከመቶ ከሁለት እስከ አምስት ይሆናሉ።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን በኤውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ሚሊዮኖችን ያጠቃው ይህ በሽታ ዛሬ ዋና መኖሪያው የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው። በ1991 ከፈረሰው ሠራዊት ወታደሮች መካከል በወረርሽኝ ተነሥቷል፤ በ2015 ደግሞ ከዚህ አካባቢ ተሰደው ኤውሮፓ በደረሱ ወጣቶች ደም ውስጥ ታይቷል። የሚያጠቃቸውም የታወቁ ናቸው፤ የጎዳና ልጆች፣ እስረኞች፣ በአንድ ጎጆ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች። ቅማል ሰውን በመንከሷ ብቻ በሽታውን ሰጠች ማለት አይደለም፤ ቦሬልያ በአካሏ ውስጥ ታስራ ስለምትኖር የምትወጣው በዋናነት ቅማሏ ስትደፈጠጥ ነው። ሲያሳክክ በጥፍር የተጨፈለቀች አንዲት ቅማል በቧጨረችው ቆዳ በኩል በሽታውን ታስገባለች። ልብስን መቀቀል ወይም ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማሏንም እንቁላሏንም ይገድላል።

ቅማል የምትወደው በገላና በልብስ መካከል ያለውን 30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ነው። የተሸከማት ሰው ገላ ወደ 40 ዲግሪ ሲግል አትታገሠውም፤ ከጋቢው ስፌት ወጥታ በዚያው ሰሌን ላይ አጠገቡ ወደ ተኛው ጓደኛው ልብስ ትሻገራለች።